ከዘፋኙ ድምፅ ሥር ያለው ዜማ፦ ስለ ፖል ማካርትኒ የቤዝ ጊታር አጨዋወት የቀረበ ምልልስ

የሮክ ሙዚቃ አድማጮች አብዛኛውን ጊዜ የዘፋኙን ድምፅ፣ የሊድ ጊታሩን ሩጫና የድራሙን ምት ለይተው ያውቃሉ፤ ከሁሉም በታች የሚሄደውን የቤዝ ጊታር ድምፅ ግን ለብቻው አውጥተው የሚከታተሉት ጥቂቶች ናቸው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይህን ልማድ ከለወጡት ተጫዋቾች አንዱ የቢትልስ ባንድ አባል የነበረው እንግሊዛዊው ፖል ማካርትኒ ሲሆን፣ በዘፈን ደራሲነቱና በድምፃዊነቱ የተነሣ ስሙ የገነነ በመሆኑ የቤዝ ተጫዋችነቱ ከዝናው ጀርባ ተሸፍኖ ቆይቷል። የሚከተለው ምልልስ ጉዳዩን በሁለት ሰዎች አንደበት ይመረምራል፤ አንደኛው ቤዝ ጊታር የሚያስተምር መምህር ነው፤ ሁለተኛዋ ከክራር ወደ ቤዝ ጊታር የመጣችና የመሣሪያውን ድርሻ በጥብቅ ሥርዓት የምትመለከት ተማሪ ናት። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተማሪ፦ መምህር፣ ክርክሩ ከመሣሪያው የሥራ ድርሻ ቢነሣ ይሻላል። ቤዝ ጊታር ከተራው ጊታር አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም አንድ ሙሉ የስምንት ድምፅ እርከን፣ ዝቅ ብሎ የተቃኘ ባለ አራት ክር መሣሪያ ሲሆን፣ ክሮቹ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ኢ፣ ኤ፣ ዲ እና ጂ ተብለው ይቃኛሉ። አሜሪካዊው የመሣሪያ ሠሪ ሊዮ ፌንደር በ1951 ፕሪሲዥን የተሰኘውን ቤዝ ለገበያ ሲያወጣ፣ ዓላማው ግዙፉን ኮንትራባስ የሚተካ፣ ለመጓጓዣ የማያስቸግርና በመድረክ ላይ ጎልቶ የሚሰማ መሣሪያ ማቅረብ ነበር። እንግዲህ የቤዝ ሥራ ሁለት ነው ማለት ይቻላል፤ ከድራሙ ጋር ተጣምሮ ምቱን መጠበቅና ጊታሩ ወይም ፒያኖው ለሚያሰማው ኮርድ መነሻ ኖታውን ማስያዝ። ይህን የመሰለ ከባድ ኃላፊነት የተጣለበት ሰው ዜማ ለመፍጠር ሲነሣ የዘፋኙንና የጊታሪስቱን ድርሻ እየተሻማ አይደለምን?

መምህር፦ የተዘረዘረው ድርሻ ትክክል ነው፤ ከእሱ የተወሰደው መደምደሚያ ግን ቸኩሏል። ኮርድ የሚባለው ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ኖታዎች በአንድ ጊዜ ሲሰሙ የሚፈጠረው ኅብር ነው። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቅኝቶች ያደገ ጆሮ አንዱን ዜማ ከነጌጡ እየተከተለ ማዳመጥ ስለለመደ፣ ኅብሩን ለብቻው አውጥቶ መስማት መጀመሪያ ላይ ያስቸግረዋል፤ የሮክ ዘፈን ግን ከኮርድ ወደ ኮርድ እየተሸጋገረ የሚሄድ ነውና ይህን ሳይረዱ የቤዝን ሥልጣን መረዳት አይቻልም። አንድ ምሳሌ ይበቃል። ፒያኖው ሲ፣ ኢ እና ጂ የተባሉትን ሦስት ኖታዎች አንድ ላይ ይዞ ቢቆይና ቤዙ ከሥር ሲ ቢመታ፣ ኅብሩ ጉዞውን የጨረሰ፣ ያረፈ ሆኖ ይሰማል። ፒያኖው ጣቱን ሳያነሣ ቤዙ ወደ ኢ ቢሻገር፣ ያው ኅብር ረፍቱን ያጣና ወደ ሌላ ቦታ ማዘንበል ይጀምራል። ቤዙ ኤ ቢመታ ደግሞ ኮርዱ ስሙም ጠባዩም ተለውጦ ኤ ማይነር ሰባተኛ የሚባል፣ ጥላ ያጠላበት ኅብር ይሆናል። ከላይ ያለው ተጫዋች ምንም ሳያደርግ የዘፈኑ ስሜት ሁለት ጊዜ ተለወጠ ማለት ነው። ይህን የሚወስን ሰው ለሌሎች ምቹ መሬት ከማንጠፍ ያለፈ ሥራ ይሠራል፤ ዘፈኑን ከደራሲው ጋር አብሮ ይደርሳል።

ተማሪ፦ ኅብርን መለወጥ አንድ ነገር ነው፤ ዜማ መፍጠር ሌላ ነገር ነው። ዜማ የሚባለው መነሻና መድረሻ ያለው፣ ጆሮ ለብቻው ይዞት የሚሄድ፣ በአፍ ሊንጎራጎር የሚችል የድምፅ ጉዞ ነው። ለመሆኑ ማካርትኒ ቤዝን በዚህ መንገድ የተጫወተው ከመጀመሪያው ነው ወይስ ኋላ የመጣበት?

መምህር፦ ኋላ የመጣበት ነው፤ ወደ መሣሪያው የገባውም ወድዶ አልነበረም። ማካርትኒ የተወለደው በ1942 በሊቨርፑል ሲሆን፣ አባቱ ጂም ማካርትኒ በጥጥ ንግድ የሠራ፣ ቀደም ሲልም የራሱ የጃዝ ባንድ የነበረው፣ ፒያኖና ትራምፔት የሚጫወት ሰው ነበር፤ ልጆቹ ሙዚቃ ሲሰሙ ከሥር የሚሄደውን የቤዝ ድምፅ ለይተው እንዲያደምጡ ያመለክታቸው እንደነበር ልጁ ተናግሯል። ቢትልስ በጀርመን ከተማ በሃምቡርግ የምሽት ክለቦች ሲጫወቱ ቤዝ የሚይዘው ሠዓሊው ስቱዋርት ሰትክሊፍ ነበር። በ1961 ሰትክሊፍ ወደ ሥዕል ትምህርቱ ለመመለስ ባንዱን ሲለቅ፣ እስከዚያ ድረስ ጊታርና ፒያኖ ይጫወት የነበረው ማካርትኒ ሌሎቹ ያልፈለጉትን ቦታ ያዘ። በዚያው ዓመት በሃምቡርግ በ30 ፓውንድ ገደማ የገዛው መሣሪያ ሆፍነር 500/1 ይባላል፤ ቅርፁ የቫዮሊን ሲሆን፣ ማካርትኒ ግራኝ በመሆኑ የግራና የቀኝ ጎኑ እኩል የሆነው ይህ መሣሪያ ተገልብጦ ሲያዝ እንኳ ቅርፁ አይዛባም ነበር። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን ውስጡ ክፍት፣ ክብደቱ ቀላል፣ የክሩም ርዝመት 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ መሆኑ ነው፤ የፌንደሩ 86 ይደርሳል። ክሩ ባጠረ መጠን በአንገቱ ላይ ያሉት ፍሬቶች፣ ማለትም ኖታዎቹን የሚለዩት የብረት ዘንጎች፣ ስለሚቀራረቡ የጊታሪስት ጣት ልማዱን ሳይተው በቀላሉ ይሮጥበታል። በ1963 በወጣው «ኦል ማይ ላቪንግ» ውስጥ ማካርትኒ በእያንዳንዱ ምት ላይ አንድ ኖታ እየጣለ ደረጃ በደረጃ የሚራመድ ቤዝ ተጫውቷል፤ ይህ ስልት ከጃዝ፣ ማለትም ከአባቱ ዘመን ሙዚቃ፣ የመጣ ነው።

ተማሪ፦ እስከዚህ የተባለው ጎበዝ ተጫዋች ያሰኘዋል፤ ፈጣሪ ግን አያሰኘውም። በዚያው በ1963 የወጣው የ«አይ ሶው ኸር ስታንዲንግ ዜር» ቤዝ ከአሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ከቸክ ቤሪ «አይም ቶኪንግ አባውት ዩ» የተወሰደ መሆኑን ራሱ ማካርትኒ አልደበቀም።

መምህር፦ አልደበቀም፤ በዚያ ዕድሜው ከሌሎች እየወሰደ ይማር ነበር። ለውጡ የመጣው ከአሜሪካ ሁለት ጫፎች ነው። አንደኛው ጫፍ ዲትሮይት ነው። በዚያ ከተማ ሞታውን የተባለው የሸክላ ኩባንያ አንድን ተራ የመኖሪያ ቤት ወደ ስቱዲዮነት ለውጦ ሲሠራ፣ ከቋሚ ተጫዋቾቹ መካከል በ1936 የተወለደው ጄምስ ጄመርሰን ይገኝ ነበር። ጄመርሰን ከኮንትራባስ ወደ ቤዝ ጊታር የመጣ ሰው ሲሆን፣ ክሩን የሚመታው በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ ነበር፤ ሆኖም ከዚያ አንድ ጣት የሚወጣው ድምፅ ከምቱ ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት እያለ፣ በኮርዱ ኖታዎች መካከል ያሉትን ትናንሽ እርከኖች እየነካካ፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ የተረፈውን ክፍተት እየሞላ ይሄዳል። በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ ሰው ቤዝ ሲጨፍሩ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፤ ሞታውን ለብዙ ዓመታት የተጫዋቾቹን ስም በሸክላው ላይ አያትምም ነበርና የጄመርሰን ስም በጉልህ የወጣው በ1971 በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» አልበም ላይ ነው። ማካርትኒም በእሱ አጨዋወት ልቡ ተነክቶ ሳለ የሰውየውን ስም ያወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ መሆኑን ተናግሯል። ሁለተኛው ጫፍ ካሊፎርኒያ ሲሆን፣ የቢች ቦይስ ባንድ መሪ ብራያን ዊልሰን በ1966 ባወጣው «ፔት ሳውንድስ» አልበም ውስጥ ቤዙ ከኮርዱ መነሻ ኖታ ሌላ የሆነ ኖታ ላይ እንዲቆም እያደረገ፣ ቅድም በፒያኖው ምሳሌ የተገለጸውን ያልተረጋጋ ኅብር በሰፊው ተጠቅሞበታል። ማካርትኒ ከጄመርሰን የኖታውን እንቅስቃሴ፣ ከዊልሰን የኖታውን ምርጫ ተማረ ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ተማሪ፦ እንዲህ ከሆነ ምስጋናው ለጄመርሰን መሆን ነበረበት።

መምህር፦ በእርግጥ አስቀድሞ ለእሱ ይገባል፤ ይህ ደግሞ ለጨዋነት ሲባል የሚነገር ቃል አይደለም፤ ጄመርሰን ባይኖር ከ1965 በኋላ ያለው የሮክ ቤዝ ምን መልክ እንደሚኖረው መገመት ያዳግታል። ሆኖም የሁለቱ አሠራር ይለያያል። ጄመርሰን ከባንዱ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ በዚያው ቅጽበት በሚመጣለት ሐሳብ እየተመራ ይጫወት ነበር። ማካርትኒ ግን ቤዝ ላይኑን፣ ማለትም ቤዙ ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጓዝበትን የኖታዎች ሰንሰለት፣ እንደ አንድ ራሱን የቻለ ድርሰት የሚያበጅበት ሁኔታ ተመቻችቶለታል። የቀድሞው ልማድ ድራም፣ ቤዝና ጊታር በአንድነት መጀመሪያ ተቀርጸው ድምፅ ከላይ የሚጨመርበት ነበር፤ በ1967 ለወጣው የ«ሳርጀንት ፔፐር» አልበም ግን ብዙ ጊዜ ቤዙ የሚቀረጸው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ በራሱ ትራክ ላይ ሆነ፤ ትራክ የሚባለው በቀረጻ ቴፑ ላይ ለአንድ ወይም ለጥቂት መሣሪያዎች የተለየ መስመር ነው። እንግዲህ ተጫዋቹ ዘፋኙ የት እንደሚተነፍስ፣ ፒያኖው የት እንደሚሳሳ፣ ድራሙ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ እያደመጠ፣ ለእያንዳንዷ ክፍተት የሚሆነውን መልስ መርጦ ያስቀምጣል። ዘፈኑን ከነሙሉ አካሉ ፊት ለፊቱ አድርጎ የሚሠራ የቤዝ ተጫዋች ከዚያ በፊት ብዙም አልነበረም።

ተማሪ፦ ይሁንና ከመስማት በፊት ድምፁ መድረስ አለበት። የዝቅተኛው ኢ ክር ንዝረት በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ነው፤ በዘመኑ የነበሩት ትናንሽ ራዲዮኖች ይህን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ሊያወጡ አይችሉም ነበር፤ ታዲያ እንዲህ የተለፋበት ዜማ ለማን ጆሮ ነበር?

መምህር፦ ጥያቄው ቢትልስን ራሳቸውን ያስቸገረ ነበር፤ አሜሪካ የተሠሩት ሸክላዎች ከእንግሊዞቹ ይልቅ ቤዛቸው የሚጎላው ለምን እንደሆነ ደጋግመው ያነሡ ነበርና። ምክንያቱ በከፊል ከሸክላው ጠባይ የመጣ ነው፤ በሸክላ ላይ ወፍራም ድምፅ ሲቀረጽ ቦዩ ወዲያና ወዲህ በሰፊው ስለሚወዛወዝ፣ መጠኑ ሲበዛ የማጫወቻው መርፌ ከቦዩ ዘልሎ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ የለንደኑ የሸክላ ኩባንያ የኢ.ኤም.አይ. ባለሙያዎች ቤዙን ይጫኑት ነበር። ሚያዝያ 1966 ላይ «ፔፐርባክ ራይተር» የተባለው ዘፈን ሲቀረጽ ሁለት ነገሮች ተለወጡ። ማካርትኒ ክብደቱ ቀላል በሆነው ሆፍነር ፋንታ ሪከንባከር 4001 ኤስ የተባለውን፣ ከድፍን እንጨት የተሠራና ድምፁ ጠንከር ጠራ ያለ መሣሪያ ያዘ። ገና 20 ዓመት የሆነው የድምፅ ባለሙያ ጄፍ ኤመሪክ ደግሞ ማይክሮፎን በመጠቀም ፋንታ አንድ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ከቤዙ ማጉያ ፊት ለፊት ተተክሎ እንዲያገለግል አደረገ፤ ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን በመሠረቱ አንድ ዓይነት አሠራር ያላቸው ናቸውና፣ ሽቦው ሲገለበጥ ትልቁ የማጉያ ሸራ እየተንቀጠቀጠ ወፍራሙን ድምፅ በሰፊው ይቀበላል። በዚህ ዘፈንና በጀርባው በታተመው «ሬይን» ላይ ቤዙ ከጊታሩ እኩል ወደ ፊት ወጥቶ ተሰማ። «ሬይን» ላይ የመሣሪያዎቹ ቀረጻ በፍጥነት ከተካሄደ በኋላ ቴፑ እንዲዘገይ ስለተደረገ ሁሉም ነገር ከበድ፣ ጠለቅ ብሎ ይሰማል፤ በዚህ ክብደት ውስጥ ግን ቤዙ ወደ ቀጫጭኖቹ ክሮች እየወጣ ከባንዱ ድራመር ከሪንጎ ስታር ድራም ጋር ይነጋገራል። የዚህን ሸክላ ሁለት ገጾች ያደመጠ ሰው የሮክ ቤዝ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ረድፍ የማይመለስ መሆኑን ይረዳል።

ተማሪ፦ እንግዲያው ዜማው ዘፋኙን እንደማይሻማ በአንድ ዘፈን ላይ ማስረዳት ይቻላል?

መምህር፦ ለዚህ ከ«ሳርጀንት ፔፐር» አልበም «ዊዝ ኤ ሊትል ሄልፕ ፍሮም ማይ ፍሬንድስ» የተሻለ የለም። ዘፈኑን ማካርትኒና የባንዱ ጓዱ ጆን ሌነን የጻፉት ድራመሩ ሪንጎ ስታር እንዲዘፍነው ነው፤ የሪንጎ ድምፅ ስፋት ውስን በመሆኑ ከመጨረሻዋ ከፍተኛ ኖታ በቀር ዜማው ከሞላ ጎደል በአምስት አጎራባች ኖታዎች ውስጥ እንዲንቀሳቀስ ሆን ተብሎ ተደርሷል። እንዲህ ያለ ጠባብ ዜማ በጽሑፍ ሲታይ አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ሲደመጥ ግን አያሰለችም፤ ምክንያቱም ዘፋኙ በአምስቱ ኖታዎች ውስጥ ተረጋግቶ ሲመላለስ፣ ቤዙ ከሥሩ ወደ ላይ ይዘልላል፣ ይወርዳል፣ በመካከለኛው ከፍታ ላይ ይጫወታል፤ ዘፋኙ አንድን ስንኝ ጨርሶ ሲያርፍ ቤዙ አጭር ሐረግ ወርውሮ ወደ ቀጣዩ ስንኝ ያደርሰዋል። የዘፈኑ ስፋት ያለው ከታች ነው። ቤዙ በመነሻ ኖታዎች ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ የሪንጎ ድምፅ ውስንነት ይጋለጥ ነበር፤ ቤዙ ዜማ በመሆኑ ግን ያ ውስንነት ትሕትና ሆኖ ይሰማል። አንድ ጓደኛ ለሌላው ጓደኛ ሲል የሠራው ሥራ ነውና የቤዙ ብዛት ራስን ከማሳየት የመነጨ ነው ማለት አይቻልም።

ተማሪ፦ ይህ ምሳሌ ያሳምናል። ነገር ግን የባንዱ ጊታሪስት ጆርጅ ሃሪሰን የደረሰው፣ በ1969 «አቢ ሮድ» በተሰኘው አልበም የወጣው «ሳምቲንግ» ላይ ያለው ቤዝ በዝቷል የሚሉ አሉ። ዘፈኑ የተረጋጋ የፍቅር ዘፈን ነው፤ ሃሪሰን ጥሩ ድምፅ አለው፤ መደገፍ የሚያስፈልገው ደካማ ነገር የለም፤ እዚያ ላይ ያ ሁሉ ኖታ ምን ይሠራል?

መምህር፦ ክሱ ቀላል አይደለም፤ በጥንቃቄ መመርመር ይገባዋል። የ«ሳምቲንግ» መክፈቻ ስንኞች በሲ ኮርድ ጀምረው፣ በኮርዱ ውስጥ ያለች አንዲት ኖታ በግማሽ እርከን እየወረደች፣ ከሲ ወደ ቢ፣ ከቢ ወደ ቢ ፍላት፣ ከዚያም ወደ ኤ ስትደርስ ኮርዱ ወደ ኤፍ ይሸጋገራል። ይህ ቁልቁለት በጣም ዝግ ያለ ነው፤ ዘፋኙም በመካከሉ ረጅም ዝምታ ይተዋል። ማካርትኒ የገባው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው፤ ሃሪሰን ሲዘፍን ቤዙ ይቀንሳል፤ ሃሪሰን ሲያርፍ ቤዙ ወደ ላይኛው ኦክታቭ ወጥቶ ጥያቄ የሚመስል ሐረግ ያሰማል። በመካከለኛው የዘፈኑ ክፍል ሙዚቃው ወደ ኤ ሜጀር፣ ማለትም ወደ ሌላ መነሻና ብሩህ ወደሆነ መልክ ሲዛወር ደግሞ፣ ቤዙ ጌጡን ቀንሶ ከኤ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ይሄዳል፤ ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ቤዙ ወደ ታች በመጓዙ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፣ ስሜቱም አብሮ ይሰፋል። ይህ ድርሰት ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ላይ ጆሮ ከዘፋኙ ይልቅ ወደ ቤዙ መሳቡን መካድ አያስፈልግም፤ የሃሪሰንን ግጥም ብቻ ለማድመጥ የመጣ ሰው ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ያም ሆኖ ሚዛኑ ወደ ማካርትኒ ያዘነብላል፤ ያንን ቤዝ ላይን አንሥቶ በመነሻ ኖታዎች የተካ ሰው የሚያገኘው ያማረ፣ ግን ከብዙዎች መካከል አንዱ የሆነ የፍቅር ዘፈን ነው።

ተማሪ፦ ሌላም ነገር ከዚህ ጋር ሊታይ ይገባል። «ቱሞሮው ኔቨር ኖውስ» የተባለው ዘፈን የተቀረጸው ልክ እንደ «ሬይን» በሚያዝያ 1966 ነው፤ በሁለቱ ቀረጻዎች መካከል የሁለት ሳምንት ርቀት እንኳ የለም። እዚያ ላይ ግን ማካርትኒ ከሞላ ጎደል ሲ ከተባለችው ኖታና ከላይኛዋ አቻዋ አይወጣም፤ አንድን አጭር ቅንብር እየደጋገመ ሦስት ደቂቃ ያህል ይዘልቃል። ዘፈኑ በአንድ ኅብር ላይ የቆመ፣ እንደ በገና የማይቋረጥ ድምፅ ከሥሩ የሚሻ በመሆኑ ቤዙ ቢንቀሳቀስ ኖሮ ሁሉም ነገር ይበተን ነበር። ስለዚህ ያ ሰው በአንድ ወር ውስጥ አንድ ጊዜ በብዛት፣ አንድ ጊዜ በአንዲት ኖታ ሲጫወት፣ የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው ማለት ነው፤ ዘፈኑ ምን እንደጎደለው ማወቅ።

መምህር፦ እንዲህ ከተባለ ክርክሩ ከግማሽ በላይ አለቀ፤ በዚያ ላይ የተነሣሽበትን ተቃውሞ ራስሽ መለስሽው። ቤዝ ተጫዋች ዜማ መፍጠር ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በየዘፈኑ ነው። ከዚህ አንጻር ሌላው መታየት ያለበት ሥራ የ1969ኙ «ካም ቱጌዘር» ነው። ሌነን ዘፈኑን ይዞ ሲመጣ ፈጣንና ለአንድ የቸክ ቤሪ ዘፈን በጣም የቀረበ ነበር፤ ማካርትኒ ፍጥነቱ እንዲቀንስና ድባቡ ረግረግ ውስጥ የሚራመድ ሰው እርምጃ እንዲመስል ሐሳብ ማቅረቡን ተናግሯል። በዚህ ሐሳብ ላይ የተሠራው ቤዝ ላይን ከዝቅተኛው ዲ ይነሣና ጣቱ ክሩን ሳይለቅ በአንገቱ ላይ ተንሸራትቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሪንጎ ድራምም ያንን መንሸራተት ተከትሎ ይንከባለላል። ዛሬ ዘፈኑን የሚያውቅ ሰው ገና ግጥሙ ሳይጀመር የሚለየው በቤዙ ነው።

ተማሪ፦ እነዚህ ሁሉ የስቱዲዮ ሥራዎች ናቸው፤ በመድረክ ላይ ግን ማካርትኒ እየዘፈነ ነው ቤዝ የሚጫወተው። ክራር የሚመታ ሰው እየዘፈነ ሲጫወት ጣቱ ብዙ ጊዜ አፉን ይከተላል፤ ቤዝ ግን ከድምፁ የተለየ ምትና የተለየ አቅጣጫ ስላለው አንድ ሰው ሁለት ሰው መሆን ይኖርበታል።

መምህር፦ ትክክል ነው፤ ብዙ የቤዝ ተጫዋቾች ይህን ለመልመድ ዓመታት ይፈጅባቸዋል፤ ዘዴውም ቤዝ ላይኑን ጣት ያለ ሐሳብ እስኪያወጣው ድረስ ደጋግሞ ማጥናትና ከዚያ በኋላ ግጥሙን ቃል በቃል ከላይ ማሳረፍ ነው። ይሁንና ዘፋኝነቱ እንደ እንቅፋት ብቻ መታየት የለበትም። ማካርትኒ ቤዙን የሚያስበው በድምፃዊ ጆሮ በመሆኑ ሐረጎቹ ትንፋሽ አላቸው፤ የት እንደሚጀመርና የት እንደሚያርፍ ይታወቃል፤ አብዛኞቹን ቤዝ ላይኖቹን በአፍ ማንጎራጎር የሚቻለውም ለዚህ ነው። በዘመኑ የነበሩት ሌሎች ታላላቅ ተጫዋቾች በሌላ መንገድ ሄደዋል፤ ለምሳሌ የዘ ሁ ባንድ ጆን ኤንትዊስል በ1965 «ማይ ጄነሬሽን» ላይ ቤዙን ለብቻው ያሰማበት ክፍል በሮክ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ የቤዝ ሶሎዎች አንዱ ሲሆን፣ ኃይሉና ፍጥነቱ ከማካርትኒ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ የመጡት የየስ ባንዱ ክሪስ ስኳየርና የረሽ ባንዱ ጌዲ ሊም ያንኑ ሪከንባከር ይዘው ቤዙን ከሊድ ጊታር ተርታ አሰልፈውታል። በችሎታ ብቻ ቢለካ ከማካርትኒ የሚፈጥኑ ብዙዎች ናቸው፤ ለዘፈኑ የሚያስፈልገውን ኖታ በመምረጥ ግን የሚበልጠውን ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ተማሪ፦ ታዲያ አንድ ጀማሪ ጆሮውን ለማሠልጠን ከየት ይጀምር?

መምህር፦ የስልክ ድምፅ ማጉያ ቤዝ ስለማያወጣ በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይጀምር። መጀመሪያ «ኦል ማይ ላቪንግ»ን አድምጦ የሚራመደውን ቤዝ ከምቱ ጋር በእግሩ ይቁጠር፤ ቀጥሎ «ሬይን»ን ይክፈትና ዘፋኙን ረስቶ ቤዙን ብቻ ይከተል፤ ሲጠፋበት ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ያድምጥ። ከዚያ «ዊዝ ኤ ሊትል ሄልፕ ፍሮም ማይ ፍሬንድስ»ን ይዞ ቤዙን በአፉ ለማንጎራጎር ይሞክር፤ ከሸመደደው በኋላ የሪንጎን ድምፅ መልሶ ሲያደምጥ ዘፈኑ ሌላ ይሆንበታል። መሣሪያ ያለው ደግሞ መስመሩን ኖታ በኖታ ገልብጦ ይጻፈው፤ ከጻፈ በኋላ በየቦታው ያለውን ኮርድ ከላይ አስፍሮ፣ ቤዙ መነሻ ኖታውን የት እንደጠበቀና የት እንደተወው ምልክት ያድርግበት። «ሳምቲንግ» ለመጨረሻ ይቆይ፤ የበዛውንና የተመጠነውን ለመለየት ጆሮ አስቀድሞ መሠልጠን አለበትና።

ተማሪ፦ ጄመርሰንም መዘንጋት የለበትም።

መምህር፦ የለበትም። ጄመርሰን በ1983 ሲያርፍ እሱ በተጫወተባቸው ዘፈኖች ያደጉ አብዛኞቹ አድማጮች ስሙን አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ የየትኛውንም አገር ዘፈን የሚወድ ሰው፣ የዘፋኙን ስም ባወቀበት ትጋት ቤዙን የተጫወተውን ሰው ስም ፈልጎ ይወቅ፣ ለሌላውም ይንገር።